«አንተ» የምንለው ውሻ

አባቴ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ሲቀራቸው ግሼ፣ ራቤል ጤና ጣቢያ ይሠሩ ነበር። ማዕረጋቸው ጤና ረዳት ነው፤ የአገሩ ሰው ግን «ዶክተር» ነው የሚላቸው። እናቴ፣ እህቴና እኔ መሐል ሜዳ ከተማ ባለው ቤታችን ስንኖር እሳቸው በየበዓሉና ፈቃድ ባገኙ ቁጥር ይመጡ ነበር። አንድ ቅዳሜ፣ በበዓል ዋዜማ፣ ከአውቶቡስ ሲወርዱ ካፖርታቸው ደረቱ ላይ አብጦ አየሁ። ቤት ደርሰው ቁልፉን ሲፈቱት አንድ አመድማ ቡችላ ጭንቅላቱን ብቅ አደረገ።

ምጥ ጠንቶባት የነበረች ሴት በእጃቸው በሰላም ተገላግላ ኖሯል። ባሏ ምን ብሎ እንደሚያመሰግናቸው ቢጨንቀው፣ ሴቷ ውሻው ከወለደቻቸው ቡችሎች መካከል ደህናውን መርጦ ሰጣቸው።

እናቴ በረንዳ ላይ ተቀምጣ የበግ ጠጉር እየፈተለች ነበር። እንዝርቷን ሳታቆም፣

«ምንድን ነው ይኼ?» አለች።

«ውሻ ነው።»

«ውሻ መሆኑንማ አየሁ። ማን ሊያበላው ነው?»

«ትርፍራፊ ይበቃዋል።»

«እዚህ ቤት የሚተርፍ የለም።»

«እንግዲያው በዓሉን ይዋልና ለሰው እሰጠዋለሁ።»

በዓሉም አለፈ፣ የሚሰጠውም ሰው አልተገኘም። ፈላጊ ጠፍቶ ግን አይመስለኝም።

እኔና እህቴ ስም ልናወጣለት ስንጨቃጨቅ እናቴ «ስም የሚወጣው ለተጠመቀ ነው፤ አርፋችሁ ተቀመጡ» አለችን። በቤታችን አባታችን «እርስዎ» ናቸው፤ እናቴ ራሷ እርስዎ ነበር የምትላቸው። እኔና እህቴ «አንቺ» ነን። «አንተ» የሚባል ፍጡር ከዚያ በፊት ግቢያችን ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ እናቴ ከማድ ቤት ብቅ ብላ «አንተ» ስትል ማንን እንደምትጠራ ግልጽ ነበር፤ ከማንም በላይ ለራሱ ለውሻው። የትም ይሁን የት ጆሮውን አቁሞ እየሮጠ ይመጣል። ውሎ አድሮ ስሙ ሆነ። «አንተ የት ሄደ?» ትላለች እህቴ። «አንተ በር ላይ ተኝቷል» እላታለሁ። ዛሬ አማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ ሁለተኛ መደብና ሦስተኛ መደብን እንዲህ ያደባለቀ ሌላ ቤተሰብ እስካሁን አላጋጠመኝም።

የእናቴ ሕግ አንድ ነበር፤ ውሻ የቤቱን ደፍ አያልፍም። ክረምቱን በረንዳ ላይ፣ በጋውን ከአጥሩ ሥር ነበር። የመጀመሪያው ኅዳር መጥቶ ውርጩ ሲጠና፣ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ሁሉ አመዳይ ለብሶ ሲታይ፣ አንድ ቀን ስንነሳ ውሻውን ምድጃው አጠገብ ተጠቅልሎ አገኘነው። ማን አስገባው ሲባል እናቴ «በሩ ሳይዘጋ አድሮ ይሆናል» አለች። በሩን ማታ ማታ የምትዘጋው እሷ ነበረች። ከዚያ ወዲያ ስለ ደፉ የተነሳ ነገር የለም።

በየጾሙ አብሮን ይጾም ነበር። እንዲጾም ብሎ ያዘዘው አልነበረም፤ እኛ የምንበላውን ስለሚበላ ነው። በሁዳዴ የገብስ ቂጣ በሽሮ ይፈተፈትለታል፤ እየከሳ ይሄዳል፤ በሰሞነ ሕማማት የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። ጎረቤታችን፣ ጾምና ስግደት የማያመልጣቸው አሮጊት፣ በአጥር በኩል እያዩት «የእናንተስ ውሻ ሳይጸድቅ አይቀርም» ይሉ ነበር። የፋሲካ ጠዋት በጉ ሲታረድ አባቴ ቅልጥሙን ነጥለው ማንም አፉን ከማሟሸቱ በፊት ለእሱ ይወረውሩለታል። እናቴ «ውሻ ከሰው በፊት እንዲፈስክ የት አገር ነው የታየው?» እያለች ታጉረመርማለች። ሥጋ ያለበትን ቅልጥም ለይታ ለአባቴ የምታቀብላቸው ግን እሷው ነበረች።

እናቴን ሳስብ ብዙ ጊዜ የማያት ከእሱ ጋር ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ በረንዳው ስትዞር እንዝርቷን ይዛ ትወጣለች። እሱ እግሯ ሥር ይተኛል። ከበጉ ጠጉር የሚበነው ነጭ ብናኝ ጀርባው ላይ እያረፈ ይቆያል፤ ማታ ሲነሳ ውሻ ሆኖ ተኝቶ በግ ሆኖ የተነሳ ይመስላል። «ተራገፍ አንተ» ስትለው ይራገፍና ብናኙን ሁሉ ቀሚሷ ላይ ያለብሰዋል።

እናቴ ጉበቷን ታማ ስትተኛ አባቴ ጡረታ ወጥተው ነበር። ደብረ ብርሃንም አዲስ አበባም ወስደናት መልሰናታል። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ውሻው ከአልጋዋ ሥር አልወጣም፤ ውጣ የሚለውም አልነበረም። ያመጣንላትን ምግብ «በላሁ» ትለናለች፤ ሳህኑም ባዶ ሆኖ ይገኛል። አንድ ቀን በር ላይ ቆሜ ሳላስበው አየኋት፤ እጇን ከብርድ ልብሱ ሥር አውጥታ ወደ ታች ታጎርሰዋለች። ለአባቴ ብነግራቸው «አውቃለሁ፤ ተያት» አሉኝ። ከመስቀል በኋላ አረፈች።

እኔ ያን ጊዜ ደብረ ብርሃን አጠገብ አስተምር ነበር፤ እሷን ላስታምም ፈቃድ ወስጄ ነው የመጣሁት። እህቴ እዚያው ደብረ ብርሃን አግብታ ትኖራለች። አባቴ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ዝውውር ጠይቄ መሐል ሜዳ መጣሁ። ብቻቸውን እንዳልነበሩ የተረዳሁት ከመጣሁ በኋላ ነው። ጠዋት ኪዳን ሊያደርሱ ዘንጋቸውን አንስተው ሲወጡ ውሻው ይከተላቸዋል። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ባሕር ዛፍ ሥር ተኝቶ ይጠብቃል። ሲወጡ አብረው በገበያው መንገድ ዞረው፣ ዳቦ ገዝተው፣ ግማሹን መንገድ ላይ ተካፍለው ይመለሳሉ። አባቴ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ከእኔ ጋር ስለ ብርዱና ስለ ምሳው እንነጋገራለን። በረንዳ ላይ ከእሱ ጋር ሲቀመጡ ግን ሬዲዮ የሰሙትን፣ የሞተውን፣ የተሾመውን፣ የእህል ዋጋ የት እንደደረሰ ሁሉ ይነግሩታል። አንዳንዴ መስኮቱ አጠገብ ቆሜ እሰማቸዋለሁ። የአባቴን ሐሳብ የማውቀው ለውሻው ሲነግሩት ሰምቼ ነበር።

ባለፈው ዓመት ከጥምቀት በኋላ አንድ የኋላ እግሩን ማነከስ ጀመረ። አባቴ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ከጉልበቱ በላይ ቀስ እያሉ ዳሰሱትና ቀና አሉ። «እሾህ ነው እንዴ?» ብላቸው «አይደለም» ብቻ አሉኝ። ፊታቸውን አውቀዋለሁ፤ ለበሽተኛ ቤተሰብ ገና ያልተናገሩት ነገር ሲኖር እንደዚያ ነበር የሚሆኑት።

የእንስሳት ክሊኒክ አብረን ወሰድነው። ደጃፉ ላይ በግና ላም የያዙ ገበሬዎች ተሰልፈዋል። አንዱ አባቴን አይቶ «ነክሶ ነው?» አላቸው።

«አይ። እግሩን አሞት ነው።»

ሰውየው ትንሽ ውሻውን አየ፣ ትንሽ አባቴን አየ። «እንግዲህ ይቅደሙ» ብሎ በጉን ወደ ጎን ሳበ።

ሐኪሟ ቦቲ ጫማ ያደረገች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ብዙ ጊዜ ወስዳ መረመረችው። «ጋሼ፣ ዕጢ ነው፤ አጥንቱ ውስጥ የገባ ይመስለኛል» አለች። «ራጅ ቢኖር በደንብ ይታይ ነበር። ቢታይም ግን የማደርግለት ነገር አይለወጥም። በዚህ ዕድሜው እግሩን ብቆርጠው አይድንም። ማስታገሻ እሰጠዋለሁ፤ ለጊዜው ይረዳዋል።»

ለጊዜው ረዳው። የካቲትን እያነከሰ ኪዳን ተመላለሰ። ሁዳዴ ሲጋመስ ግን እብጠቱ እንደ ድንጋይ ሆነ፤ መቆምም አቃተው። በተኛበት ይሸና ጀመር፤ ሲሸና ዓይኑን ከእኛ ያሸሻል። አባቴ ውኃ ለብ አድርገው ያጥቡታል፤ ደረቅ ጆንያ ይለውጡለታል። ስናገላብጠው የሚያሰማው ድምፅ የውሻ አይመስልም። ከሁሉ የከበደኝ ጠዋት ጠዋት ነበር። አባቴ ዘንጋቸውን ሲያነሱ እሱም ሊነሳ ይሞክራል፤ የፊት እግሮቹ ይቆማሉ፣ የኋላው ይከዳዋል፣ ይወድቃል። ይኼን ሲያዩ አባቴ ዘንጉን ከቤት አውጥተው አጥሩ ላይ ማስደገፍ ጀመሩ። ወደ ጓሮ የሚሄዱ መስለው ይወጡና ዘንጋቸውን ከውጭ ያነሳሉ።

ጎረቤታችን መጥተው አዩት። አንጀታቸው መራራቱ ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። ቢሆንም የአገሩን ልማድ ነው የነገሩን። «ዶክተር፣ ምን ያሰቃየዎታል፤ ከከተማው ወጣ አድርገው ያስተኙት። ጅብ በአንድ ሌሊት ይገላግለዋል። ያረጀ አህያም በቅሎም እንደዚያው ነው የሚደረገው።»

አባቴ ጎንበስ ብለው የውሻውን ጆንያ አስተካከሉ። «ደጄን ሲጠብቅ የኖረ ነው» አሉ። «ከደጄ አውጥቼ ለጅብ አልሰጠውም።»

ሐኪሟ ቤት ድረስ መጣች። አየችውና በረንዳው ላይ አባቴ አጠገብ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ከእንግዲህ የእኔ ማስታገሻ አይደርስለትም። ማሳረፍ ይቻላል።»

«መግደል ማለትሽ ነው።»

«አዎ፤ መግደል ነው። በመርፌ። መጀመሪያ የሚያስተኛ፣ ከዚያ ሌላው። አያመውም።»

«ፋሲካ እኮ ደረሰ» አሉ አባቴ። «በየዓመቱ ቅልጥም ይበላ ነበር። ጾሙን እንዲህ ጾሞ ሳይፈስክ... እስከዚያ ብናቆየውስ?»

ሐኪሟ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ለማን ብለው ነው የሚያቆዩት?» አለቻቸው። «ለእሱ ከሆነ ዛሬ ይሻለዋል። ለራስዎ ከሆነ ግን ይገባኛል፤ ይጠብቁ።»

መድኃኒቱ መሐል ሜዳ እንደሌለ፣ ከደብረ ብርሃን ማስመጣት እንዳለባት ነግራን፣ አባቴ ሐሳባቸውን ሲቆርጡ እንዲያስታውቋት ብላ ሄደች።

ለእህቴ ደወልኩላት። ተቆጣች። «እናታችን እጇን ዘርግታ ያጎረሰችውን እኛ እንግደለው? ቀኑ ሲደርስ ራሱ ይሙት እንጂ» አለችኝ። እኔም በቀን ውስጥ ሐሳቤን ብዙ ጊዜ እለዋውጥ ነበር። ክፍል ገብቼ እያስተማርኩ «ይረፍ» እላለሁ፤ ቤት ስገባ ጅራቱን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ ሲመታልኝ «ገና ነው» እላለሁ። ቅዳሜ እህቴ በሚኒባስ መጣች። ነጠላዋን ሳታወርድ ጎንበስ ብላ ልታሻሸው ስትል ነካችውና ጮኸ። ወደ ጓሮ ወጥታ ብዙ ቆየች። ስትመለስ ፊቷን ታጥባለች። «ይብቃው» አለች።

አባቴ ግን አንድ የቀራቸው ነገር ነበር። በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባታችንን ወደ ቤት ይዘዋቸው መጡ። አባ ውሻውን ቆመው ተመለከቱት። አባቴ የሐኪሟን ነገር ነገሯቸውና «ኃጢአት ነው ወይ?» ብለው ጠየቋቸው።

አባ ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡ። «በግ አርደን እንበላለን» አሉ። «ያ ለእኛ ጥቅም ብለን ነው፤ ማንም አይከለክለንም። ይኼ ለእሱ ጥቅም ከሆነ እኔ ምን ብዬ እከለክልዎታለሁ? ሰው ቢሆን ሌላ ነው።»

«ሰው አለመሆኑን አላጣሁትም» አሉ አባቴ።

«አውቃለሁ። ብቻ ፍትሐት ፍቱለት እንዳይሉኝ።»

«አልልዎትም።»

ሁለቱም ትንሽ ፈገግ አሉ። አባ ሲወጡ በር ላይ ቆም ብለው ወደ ውሻው መስቀላቸውን ከፍ ሊያደርጉ ቃጣቸውና መልሰው ወደ ደረታቸው አስጠጉት።

መድኃኒቱ በደብረ ብርሃን ሚኒባስ ተልኮ ደረሰ። ሐኪሟ «ነገ ጠዋት» አለችን። በዚያው ዕለት ምሳ ሰዓት ላይ አባቴ ቀይ አውራ ዶሮ በእግሩ አንጠልጥለው ገቡ። ክው አልኩ። ሁዳዴ ነው፤ እሳቸው ደግሞ አንድ ቀን ጾም ሲገድፉ አይቼ አላውቅም። ታመው ተኝተው እንኳ ወተት የሚባል አልቀመሱም።

«እኔ አልበላው» አሉኝ ፊቴን አይተው። «አንቺም አትበዪው። ለእሱ ነው።»

ጓሮ ወስደው ራሳቸው አረዱት። እኔና እህቴ ላባውን ነጭተን በአሮጌ ድስት ውኃ ብቻ ጨምረን ቀቀልነው። ሽታው ግቢውን ሞላው። በሁዳዴ መካከል የዶሮ ሽታ ከአንድ ግቢ ሲወጣ ሰፈር ሁሉ እንደሚሰማው አውቃለሁ፤ ፈራሁ። ብዙም ሳይቆይ ጎረቤታችን በራችን ላይ ቆሙ። ድስቱን አዩ፣ እኛን አዩ፣ በረንዳ ላይ የተኛውን አዩ።

አባቴ አልሸሸጉም። «ነገ ጠዋት ነው። ሳይፈስክ እንዳይሄድ ብዬ ነው» አሏቸው።

አሮጊቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና «ልጄ፣ ጨው አላበዛሽበትም?» አሉኝ።

«ጨው የለበትም።»

«ደግ አደረግሽ። ቶሎ ይዋጥለታል» ብለው ሄዱ። ስለዚያ ዶሮ ለማንም የተናገሩት ነገር እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

አባቴ ሥጋውን በጣታቸው እየፈተፈቱ ከመረቁ ጋር አጎረሱት። ብዙ አልበላም። የበላውን ግን እየቀመሰ፣ ጣታቸውን እየላሰ፣ ዓይኑን ጨፈን እያደረገ ነበር። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል እኔ ሳህኑን ላነሳ ወጣሁ። አባቴ ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«እናታችሁ መጨረሻዋ ላይ ‹ምነው በወሰደኝ› ትለኝ ነበር። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መርፌ ስወጋ የኖርኩ ሰው፣ ትንሽ ከማስታገስ በቀር ምንም አልነበረኝም። እሷን የሰጠ እግዚአብሔር ነው፣ የወሰዳትም እሱ ነው። በዚያ አልገባም፤ ልግባም አላልኩም።» የውሻውን ራስ ዳሰሱ። «ይኼን ግን በካፖርቴ ይዤ ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

ሳህኑን እንደያዝኩ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከዚያ በፊት ስለ እናቴ መጨረሻ አንዲት ቃል ተንፍሰው አያውቁም።

ጠዋት ሐኪሟ ቦርሳዋን ይዛ መጣች። ቀኑ ብሩህ ነበር፤ በረንዳው ላይ ፀሐይ አርፎበታል። ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ቀርቼ ነበር። እህቴ እግሩ በኩል፣ እኔ ጎኑ ላይ ሆንን። አባቴ መሬት ላይ ተቀምጠው ራሱን ጭናቸው ላይ አስተኙት። ሐኪሟ የመጀመሪያውን መርፌ ጭኑ ላይ ወጋችው። ቀስ በቀስ መንቀጥቀጡ ቆመ፤ ከስንት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውነቱ ሲላላ በእጄ ሥር ተሰማኝ።

ሁለተኛው በደም ሥር የሚሰጥ ነበር። ከስቶ ስለነበር ደም ሥሩ አልታይ አለ። አባቴ ምንም ሳይሉ የፊት እግሩን ከላይ በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው ያዙላት፤ ደም ሥሩ ብቅ አለ።

«እርስዎ ሊሰጡት ይፈልጋሉ?» አለቻቸው ሐኪሟ፤ ሥራቸው ምን እንደነበር ታውቃለች።

«አይ፣ አንቺ ስጪው። እኔ ልያዘው።»

እንዴት ፈጣን እንደነበር ማመን አቃተኝ። እጄ ጎኑ ላይ ነበር፤ ትንፋሹ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ ደግሞ ከፍ አለ፣ ከዚያ አልተመለሰም። ሐኪሟ ማዳመጫዋን ደረቱ ላይ አድርጋ ቆየችና ራሷን ነቀነቀች። ዓይኑ ክፍት ነበር። አባቴ ጆሮዎቹን ወደ ኋላ እያሻሹ «በቃ አንተ፣ በቃ» አሉት፤ እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። እኔ ሳለቅስ እንደነበር ያወቅሁት እህቴ ነጠላዋን ስትሰጠኝ ነው።

ጓሮ ከጽድ ዛፉ ሥር ቆፈርንለት። የበልጉ ዝናብ አፈሩን አርሶት ስለነበር ለእኔና ለእህቴ ዶማው አልከበደንም። በጆንያ ልንጠቀልለው ስንል እህቴ ወደ ውስጥ ገብታ እናታችን ፈትላ ያሠራችውን ባና ይዛ ወጣች። ወፍራም፣ ጥቁር የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ነው፤ ከሳጥን ወጥቶ አያውቅም።

አባቴ «ተይው ልጄ፤ ለእናንተ ነው ያስቀመጠችው» አሏት።

«የሱም ጠጉር አለበት እኮ» አለች እህቴ። እውነቷን ነበር። ባናውን ቀረብ አድርጎ ላየው፣ ከበጉ ጠጉር መካከል አመድማ ክር እዚህም እዚያም ተፈትሎ ገብቷል። አባቴ ባናውን ተቀብለው ራሳቸው ጠቀለሉት።

በተከተሉት ቀናት ቤቱ ሰፋብን። ሳህን ሳጥብ ትርፍራፊውን ለብቻ እሰበስብና የት እንደማደርሰው ይጠፋኛል። አባቴ ኪዳን ሲሄዱ ዘንጋቸውን መልሰው ከቤት ማንሳት ጀመሩ፤ ከዚያ ውጭ ከበረንዳው አይነሱም። ሬዲዮውን ከፍተው አያዳምጡትም። የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ «ጓደኛዎስ?» ቢላቸው «ሞተ» አሉት፤ ሰውየው ምን ማለት እንዳለበት ቸግሮት «ነፍስ ይማር» አላቸው፤ ደንግጦም አፉን ያዘ። ይኼን ሲነግሩኝ አባቴ ሳቅ ጀምረው ተዉት፤ ዘንጋቸውን ሊያስቀምጡ ገቡ።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን በሰታቴ ንፍሮ ይዘው መጡ። ስንዴና ባቄላ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚወሰደው። «ለቅሶ ብዬ አይደለም» አሉ ሳይጠየቁ፤ «እንዲያው ቀቅዬ በዛብኝ።» በረንዳው ላይ ተቀመጡ። አባቴ እፍኝ አንስተው ቆረጠሙ። ሁለቱ አዛውንት ስለ ውሻው አንዲት ቃል ሳያነሱ ንፍሮውን እየቆረጠሙ አመሹ። በማግስቱም መጡ፤ ለብዙ ቀን መጡ።

ፋሲካ ደረሰ፣ በጉ ታረደ። አባቴ እንደ ልማዳቸው ቅልጥሙን ነጥለው እጃቸው ላይ ይዘውት ቀሩ። ተቀብያቸው በአጥሩ በኩል ለጎረቤት ውሻ ወረወርኩለት። ሁላችንም ዞር ብለን ሲግጥ አየነው።

ሰዎች ቡችላ ሊሰጧቸው መጥተዋል። አባቴ እያመሰገኑ መለሷቸው። «ዕድሜዬ አይበቃውም፤ እኔ ቀድሜ ብሄድ ማን ላይ ልጥለው?» ይላሉ። አልተጫንኳቸውም።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ አላባራ ባለበት ቀን፣ ላስቲክ የለበሰ አንድ ገበሬ በራችን ላይ ቆመ። ቀየት ከምትባለው አገር የመጣ ጎልማሳ ነው። አባቴን ጠየቀ። ገብቶ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ብዙ ዳር ዳር ካለ በኋላ ጉዳዩን ተናገረ። በቅሎው ገደል ገብታ እግሯ ተሰብሯል።

«ዶክተር፣ ውሻዎን በሐኪም አሳረፉት ሲባል ገበያ ላይ ሰምቼ ነው። በቅሎዋ እናቴን ስንት ዘመን ጠበል ያመላለሰች ናት። ለጅብ ልተዋት አንጀቴ እምቢ አለኝ። ሐኪሟን ሄጄ ብጠይቃት ትስቅብኛለች ብዬ ፈራሁ።»

«አትስቅም» አሉት አባቴ። ካፖርታቸውን ለበሱ።

«አባባ፣ በዚህ ዝናብ?» አልኳቸው።

«እመለሳለሁ» አሉኝ። ከሰውየው ጋር ወደ ክሊኒኩ ሄዱ፤ ከዚያም ከሐኪሟ ጋር በመኪና ወደ ቀየት።

ማምሻውን በሚኒባስ ተመለሱ፤ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። ውኃ አሙቄ እግራቸውን ሳጥባቸው ነገሩኝ። ሰውየው ልጓሟን ይዞ ሊቆም አልቻለም፤ ዞሮ ሄዶ ከቤቱ ጥግ ቆመ። ስለዚህ እሳቸው ራሷን ያዙለት። «ጥሩ በቅሎ ነበረች» አሉ። «ዓይኗ የሰው ነው።»

እራት በደንብ በሉ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ጨምሪልኝ አሉኝ። እየበሉም ወጣት ሳሉ ለክትባት ዘመቻ ግሼን በበቅሎ ሲዞሩ የነበረውን አነሱ፤ አንዷ በቅሎ ወንዝ መሐል ላይ ቆማ አልሻገርም ብላ የክትባቱን ሣጥን ይዘው ውኃ ውስጥ ቆመው እንዳመሹ፣ ማዶ ያሉ ሰዎች ከዳር ሆነው ሲለምኗት እንደነበር። ይኼን ታሪክ ከዚያ በፊት ነግረውኝ አያውቁም። እግሬን ወደ ምድጃው ሰብስቤ እስኪጨርሱ ሰማኋቸው።